ብርብራና ቢርቢርሳ፦ በጅማ የአንድ የሰፈር የተፈጥሮ ታሪክ ትምህርት የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት በጅማ ከተማ፣ በአንድ የሰፈር እድር አዳራሽ፣ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለአዋቂዎች የሚሰጠውን የተፈጥሮ ታሪክ ትምህርት ይመለከታል። ትምህርቱ ፈተናም፣ የምስክር ወረቀትም፣ አበልም የለውም። ተከታታዮቹ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የቡና መሬት ያላቸው ሰዎች፣ የጉልት ነጋዴዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና የቤት እመቤቶች ናቸው። ትምህርቱን የጀመርነው ሦስት ሰዎች ነን፤ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ በቡና ችግኝ ጣቢያ ለዓመታት የሠራ ባልደረባዬ ነው፣ ሦስተኛው እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተማርሁ መምህር ነኝ። ስለዚህ አንባቢ ይህን ጽሑፍ የውጭ ታዛቢ ሪፖርት አድርጎ ሳይሆን ከስሕተቱም ከመልካሙም ድርሻ ያለው ሰው እንደጻፈው አድርጎ እንዲያነበው እጠይቃለሁ።

ጥናቱ የሚመልሰው ጥያቄ ጠባብ ነው። በመጀመሪያው ዙር አዳራሹ ባዶ እየሆነ የሄደው፣ በሁለተኛው ደግሞ ወንበር እስኪጠፋ የሞላው በምን ምክንያት ነው? አስተማሪዎቹ ያው ነበሩ፤ ርእሶቹም ብዙ አልተለወጡም።

መነሻው

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ቡና፣ ኮረሪማ፣ ማርና የደን ዛፍ ሁሉ የዚህ ዝናብና የዚህ ከፍታ ውጤት ነው። በከተማዋ የተማረ ሰውም አልጠፋም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተውን የእርሻ ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ተቋሙን በማዋሐድ ሲሆን፣ በመልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ በቡና ምርምር በአገር ደረጃ ስሙ የሚነሣ ነው። ይሁን እንጂ በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ የሚታወቀው ነገር ከአጥሩ ወጥቶ ወደ ሰፈሩ አዋቂ ሰው የሚደርስበት መንገድ እምብዛም ነው።

ከተከታታዮቻችን ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የዘመቻውን ሰርተፍኬት እስከ ዛሬ በፕላስቲክ ጠቅልለው ያስቀመጡ አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ለእነርሱ ተብሎ የተዘጋጀ ትምህርት የተባለ ነገር አላገኙም፤ ያገኙት ስብሰባ፣ ቅስቀሳና ሥልጠና ነው። ልዩነቱን እነርሱ ከእኛ ይልቅ አጥርተው ያውቁት ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ምዝገባ ስንጀምር በብዛት የቀረበልን ጥያቄ «አበል አለው ወይ?» የሚል ሲሆን፣ እኔም በጊዜው ነገሩን እንደ ስግብግብነት ቆጥሬው ነበር። ዛሬ ግን እንደዚያ አላየውም። አንድ ሰው ሥራውን ትቶ ተቀምጦ እንዲሰማ ሲጠራ፣ የሚሰማው ነገር ለጠሪው እንጂ ለራሱ እንደማይጠቅም በልምድ ካወቀ የቀኑን ዋጋ መጠየቁ ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ዙር

በመጀመሪያው ዙር የተጠቀምንበት አዳራሽ የአንድ ተቋም ነበር። ፕሮጀክተር፣ የተደረደረ ወንበርና ከፍ ያለ መድረክ ነበረው። ርእሶቻችን «ብዝኃ ሕይወትና ጠቀሜታው»፣ «የደን መመናመን መንስኤና መፍትሔ» የሚሉ ዓይነት ነበሩ። አሁን መለስ ብዬ ሳያቸው የክፍል ውስጥ ማስታወሻዎቼን ርእስ ቀይሬ አቅርቤአቸው እንደነበር ይታየኛል። ሰው መጣ፣ ሰማ፣ አጨበጨበ፣ ሄደ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግማሹ አልተመለሰም። ሁለት ጊዜ ደግሞ አዳራሹ በድንገት ለሌላ ስብሰባ ተይዞ፣ የጥበቃ ሠራተኛው ቁልፉን በእጁ ይዞ ከበር መለሰን። ለተጠራው ሰው ይቅርታ የጠየቅነው መንገድ ላይ ቆመን ነው።

በዚያን ጊዜ ለራሳችን በጻፍነው አጭር ግምገማ ውስጥ የተከታታዩ ቁጥር መቀነስ ምክንያት «የግንዛቤ እጥረት» ነው ብለን አስፍረናል። ቃሉን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ብዙ መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት ምቹ ቃል ነው፤ ምቾቱም ጥፋቱን ሁሉ በሌለው ሰው ላይ ስለሚጥል ነው።

መብራት የጠፋበት እሑድ

የነገሩን አቅጣጫ የለወጠው የመብራት መጥፋት ነው። ባልደረባዬ ስለ ቡና የጥላ ዛፎች የሚያስተምርበት ቀን ነበር። ሰሳን በሥዕል አሳይቶ እንደጨረሰ መብራቱ ጠፋ። ጥቂት ጠበቅን፤ አልመጣም። መስኮቱን ከፍተን ባልደረባዬ ያለ ሥዕል በቃል ብቻ ቀጠለ። ለቡና ከሚስማሙት የጥላ ዛፎች አንዱ ብርብራ መሆኑን፣ የባቄላና የአተር ወገን ስለሆነ ሥሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው አፈሩን እንደሚያዳብሩ፣ የፍሬው ዱቄት ወንዝ ውስጥ ሲነሰነስ ዓሣ እንደሚያደነዝዝ ተናገረ። የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር።

ከኋላ የተቀመጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሀጂ እያለ የሚጠራቸው አረጋዊ እጃቸውን አነሡ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢርቢርሳ ፍሬው እንደ ባቄላ አይደለም። ድብልብል ነው። የአባቴ ቤት በርና መስኮት የተሠራው በቢርቢርሳ ነው፤ ዓሣ የሚገድል ነገር ግን አይተንበት አናውቅም።»

«ሀጂ፣ እኔም ያልሁት ብርብራ ነው።»

«እኔስ ምን አልሁ? ቢርቢርሳ ነው ያልሁት።»

ክርክሩ ሩብ ሰዓት ያህል ሄደ። አንዱ ባልደረባዬን፣ ሌላው ሀጂን ደገፈ፤ ሁለቱም ወገን ዛፉን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚያውቀው ማለ። በመጨረሻ እናት ለሆኑ ሴቶች የአካባቢው ሰው እንደሚለው አዴ እያልን የምንጠራቸው አንዲት ተከታታይ ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ወጡ፤ ሲመለሱ ከአጥሩ ጥግ ካለው ዛፍ ሥር ያነሡትን ደረቅ ፍሬ ይዘው ነበር። ጠፍጣፋ፣ እንጨት የመሰለ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ በላዩ ዝገት የመሰለ ለስላሳ ጸጉር ያለበት ቅርፊት ነው። ባልደረባዬ ፊት ዘርግተው «የምትለው ይሄንን ነው?» አሉት። አዎ አለ። «ይሄማ ሶታሎ ነው» አሉና በአውራ ጣታቸው ጫን ሲሉት ቅርፊቱ ጧ ብሎ ተከፈለ፤ ሁለቱ ግማሾች እንደ ሪባን ተጠማዘው ዘሮቹ በወለሉ ላይ ተበተኑ። አዳራሹ ሳቀ። በዚያ አዳራሽ ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ነገሩ ሲፈታ እንዲህ ነው። በአማርኛ ብርብራ የሚባለው ዛፍ በአፋን ኦሮሞ ሶታሎ ነው። በአፋን ኦሮሞ ቢርቢርሳ የሚባለው ደግሞ በአማርኛ ዝግባ የምንለው ነው። ሁለቱ ስሞች ለጆሮ እጅግ የተቀራረቡ ሲሆኑ ሁለቱ ዛፎች ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። ዝግባ አበባ የማያወጣ፣ ከጥድ ጋር የሚመደብ፣ ወንዱና ሴቱ በየራሳቸው ዛፍ የሆኑ፣ ለሳንቃ የሚፈለግ ዛፍ ነው። ብርብራ ግን የሚያብብ፣ ከባቄላ ወገን የሆነ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ ያለው የላቲን ቃልም የዝገት ቀለም ያለው ማለት ሲሆን፣ አዴ ይዘውት የመጡትን ቅርፊት አይቶ ለምን እንደተባለ የማይገባው ሰው የለም።

ያን ዕለት ማታ ለብቻዬ ያሰብሁት ነገር መብራቱ ባይጠፋስ የሚል ነበር። ባይጠፋ ኖሮ ባልደረባዬ የብርብራን ሥዕል ያሳያል፤ ሀጂ ሥዕሉን አይተው «ሶታሎን ተሳስቶ ቢርቢርሳ አለው» ብለው በልባቸው ይፈርዳሉ፤ ለመምህሩ ክብር ሲሉ ዝም ይላሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜም አይመጡም። እኛም «የግንዛቤ እጥረት» ብለን እንጽፋለን። እንደዚህ ያለ ነገር ስንት ጊዜ እንደደረሰ አላውቅም፤ ሥዕሉ ግን ለተናጋሪው ሁሉ ነገር የገባ እያስመሰለ አለመግባባቱን ይሸፍንልን እንደነበር ጥርጥር የለኝም።

ሁለተኛው ዙር

ተቋሙን አመስግነን አዳራሹን ለቀቅንና ወደ እድሩ ሄድን። የእድሩ ዳኛ ያቀረቡልን ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፦ የሞተ ሰው ካለ ወንበሩም ድንኳኑም ወደ ልቅሶ ቤት ይሄዳል፤ ትምህርቱም በዚያ ቀን የለም። በዚህ ምክንያት የተሰረዙ እሑዶች በመጀመሪያው ዙር ከተሰረዙት በለጡ። ይሁን እንጂ በዚህ የተቀየመ አልነበረም፤ ተከታታዩም አስተማሪውም ልቅሶው ላይ አብሮ ስለሚገኝ የቀጠሮው ለውጥ እዚያው ይነገራል።

አሠራሩንም በሦስት ነገር ለወጥነው። አንደኛ፣ ማንኛውም ትምህርት የሚጀመረው የነገሩን ስም በሁለቱም ቋንቋ በማስማማት ነው፤ ተናጋሪው ስሙን ይጠይቃል እንጂ አይናገርም። ሰሳ አምባቤሳ፣ ዋንዛ ዋዴሳ፣ ብሳና መካኒሳ፣ ግራዋ ኤቢቻ፣ ሾላ ሃርቡ እየተባለ በአንድ ትልቅ ደብተር ይመዘገባል። (በነገራችን ላይ መካኒሳና ላፍቶ በአዲስ አበባ የሰፈር ስም ሆነው የምናውቃቸው የዛፍ ስሞች ናቸው፤ ይህን ስናነሣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ የሚኖሩ ተከታታዮች በጣም ተደሰቱ።) ሁለተኛ፣ ስለ ምንም ነገር ስንናገር ነገሩ ራሱ ወይም ቁራጩ ጠረጴዛው ላይ መኖር አለበት። ሦስተኛ፣ ማንም ተናጋሪውን ማቋረጥ ይችላል።

ሦስተኛው ደንብ ብዙ ዋጋ አስከፍሎናል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። አስቀድሞ ግን ሁለተኛው ደንብ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማሳየት የሾላውን ቀን በዝርዝር ልግለጽ።

ሾላ በአካባቢያችን ሁሉም የሚያውቀው ፍሬ ነው። ልጆች ይበሉታል፣ ወፍ ይበላዋል፣ ጦጣ ይበላዋል። ስለ ሾላ ሁሉም የሚያውቀው ሌላ ነገር ደግሞ «ትል አለበት» የሚለው ነው። አንድ ሰሐን የደረሰና ያልደረሰ ሾላ፣ ጥቂት ምላጭና ሁለት አጉሊ መነጽር ይዘን ቀረብን። ሾላውን ከመሰንጠቃችን በፊት አንድ ጥያቄ አቀረብን፦ የሾላን አበባ ያየ አለ? ማንም አልነበረም። አንድ ጡረተኛ ሾፌር «ሾላ ሳያብብ ያፈራል፤ የእግዜር ሥራ ነው» አሉ፤ ሌሎችም ተስማሙ።

ከዚያ ያልደረሰውን ሾላ ለሁለት ሰንጥቀን በሰሐን አዞርን። በውስጡ ግድግዳውን ሙሉ ተጠጋግተው የቆሙ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ነገሮች ይታያሉ፤ አበቦቹ እነዚያ ናቸው። ሾላ ፍሬ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ ከረጢት ነው። በጫፉ ላይ ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ በመርፌ ጫፍ አሳየን። በዚያች ቀዳዳ የምትገባ፣ ርዝመቷ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ የተርብ ወገን አለች፤ ስትገባ ጥበቱ ክንፏን ይነቅለዋል። ከሌላ ሾላ የያዘችውን የአበባ ዱቄት በአበቦቹ ላይ ታራግፋለች፣ በአንዳንዶቹ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። የሚፈለፈሉት ወንዶች ክንፍ የላቸውም፤ ከሴቶቹ ጋር ከተራከቡ በኋላ መውጫ ቀዳዳ ቆፍረውላቸው ይሞታሉ። ሴቶቹ ዱቄቱን ይዘው በዚያ ቀዳዳ ይወጣሉ፤ ሌላ ሾላ የሚፈልጉበት ጊዜም ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን አይበልጥም።

ይህን የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ትምህርቱን ያደረገው ንግግሬ አልነበረም። የደረሰውን ሾላ ስንሰነጥቅ ተርቦቹ ሕያው ሆነው ወጡ፤ አንዷ በአጉሊ መነጽሩ መስተዋት ላይ አርፋ ስትሄድ አንዲት የጉልት ነጋዴ «ትል አይደለችም፤ ክንፍ አላት» ብለው ጮኹ። ጡረተኛው ሾፌር መነጽሩን ተቀብለው ረዘም ላለ ጊዜ ካዩ በኋላ «እንግዲያው አበባውን ያላየነው ቤቱን ዘግቶ ስለሚያብብ ነው» አሉ። ይህን አገላለጽ በደብተሩ ላይ እንዳለ አሰፈርነው፤ ለሠላሳ ዓመት ያህል በክፍል ውስጥ ካስተማርሁበት ትርጉም የተሻለ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ሰዎች ከየሰፈራቸው ሾላ ሰንጥቀው አይተው ያገኙትን ነገሩን፤ አንዱ ምንም ተርብ የሌለበት ሾላ አግኝቶ ለምን እንደሆነ ጠየቀ።

የውኃውን ትምህርት በአጭሩ ልለፈው። በከተማችን መካከል የሚያልፈው አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ፣ ከዚያ ወደ ጊቤ፣ ቀጥሎ ወደ ኦሞ ገብቶ መውጫ በሌለው በቱርካና ሐይቅ እንደሚያልቅ በወለሉ ላይ በጠመኔ ሣልን። በ184 ሜጋ ዋቱ የግልገል ጊቤ ግድብ ግንባታ ላይ የሠሩ አንድ ሰው ጠመኔውን ከእጄ ተቀብለው ግድቡን ያስቀመጥሁበትን ቦታ አረሙ። የቦዬን ጉማሬዎች ያላየ አልነበረምና ክርክሩ ሁሉ ስለ ጉማሬ ሆነ።

የእንግዳው ቀን

ማቋረጥ የሚፈቅደው ደንብ ያስከተለው ትልቁ ችግር ስለ ቡና በሽታ እንዲያስተምሩ የጋበዝናቸው አንድ ባለሙያ በመጡ ቀን ደረሰ። ርእሱ ያልደረሰውን የቡና ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፈው፣ ባለሙያዎች ሲ ቢ ዲ የሚሉት የፈንገስ በሽታ ነበር። እንግዳው በሽታው በመጀመሪያ በኬንያ በ1922፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በ1971 እንደታየ ተናገሩ። ወዲያው ሁከት ሆነ። አንድ የቡና ባለቤት ተነሥተው «በ71 እኔ መሠረተ ትምህርት እየተማርሁ ነበር፤ ቡናችን ግን ያለቀው ከዚያ በፊት፣ በጃንሆይ ጊዜ ነው» አሉ። ሌሎችም ይህንኑ መሰከሩ። እንግዳው ቁጥሩ የተረጋገጠ መሆኑን ደጋግመው አስረዱ። ሁለቱም ወገን ልክ ነበር፦ እንግዳው የሚናገሩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን፣ ያ ዘመን በእኛ 1963 ወይም 1964 ዓ.ም. ነው፤ ጃንሆይም በዙፋናቸው ላይ ነበሩ።

ይህ የብርብራው ጉዳይ በቁጥር ተመልሶ መምጣቱ ነው። ሆኖም ይህኛው ለትምህርቱ ጥሩ በር ከፈተ። ከበሽታው መከሰት በኋላ የምርምር ባለሙያዎች በየደኑና በየገበሬው ማሳ እየዞሩ በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች መርጠው ዘር እንደሰበሰቡ፣ በአካባቢያችን ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው እንደ 74110 እና 74112 ያሉት ዝርያዎችም ከዚያ ፍለጋ እንደተገኙ እንግዳው ሲያስረዱ፣ የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን ዓመት እንደሚያመለክቱ ተናገሩ። እርሱም እ.ኤ.አ. 1974 ነው። ቁጥሩን ዕድሜ ልካቸውን ሲጠሩት የኖሩ ሰዎች ትርጉሙን ያን ዕለት ሰሙ። ከዚያ በኋላ ግን ውይይቱ ወደ ቡና ዋጋ ዞረና አልተመለሰም፤ እንግዳው ካዘጋጁት ግማሹን እንኳ ሳይናገሩ ጊዜው አለቀ። ለሌላ ቀን ስንጋብዛቸው ሥራ እንደበዛባቸው ነገሩን።

አልፈርድባቸውም። ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ መመለሱ ያሳዝናል፤ አድማጭ ሁሉ ማረም ስለቻለ ብቻ የሚያርመው ሁሉ ትክክል ይሆናል ማለትም አይደለም። ከዚያ ወዲህ የእድሩ ዳኛ ሰብሳቢ ሆነው ይቀመጣሉ። ተናጋሪው የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በሰላም ይናገራል፤ በዚያ ጊዜ የሚፈቀደው ስለ ስምና ስለ ዘመን አቆጣጠር መጠየቅ ብቻ ነው። የዋጋ ነገር ያነሣ ሰው ዳኛው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ይቀመጣል። ከዋናዎቹ ደንቦች ይልቅ ትምህርቱን ያጸናው ይህ የጉሮሮ መጥረግ ሳይሆን አይቀርም።

ደብተሩ፣ ወቅቱና የመስቀል ወፏ

በደብተሩ ጉዳይ አንድ ጊዜ ተከራክረናል። ስለ ብሳና በተነጋገርንበት ቀን ብዙ ሰው ቅጠሉና ቅርፊቱ ለምን ለምን ሕመም እንደሚሰጥ ከነመጠኑ ተናገረ፤ እኔም እየተቀበልሁ ጻፍሁት። ነርሷ ባልደረባችን ገጹ እንዲወጣ ጠየቀች። የተጻፈ ነገር ከተናጋሪው አፍ ከወጣው ይልቅ እንደሚታመን፣ ብሳና መርዛማነት ያለው ዛፍ እንደሆነ፣ አንድ ቀን አንዱ መጥቶ ገጹን በስልኩ አንሥቶ ለልጁ እንደሚያጠጣ ነገረችን። አንዳንድ ሽማግሌዎች ቅር ተሰኙ፤ የእነርሱ ዕውቀት ተናቀ አሉ። ገጹ ወጣ። አሁን ደብተሩ ስም፣ የሚያብብበትን ወር፣ የእንጨቱን ጥቅምና የሚበላውን እንስሳ ይይዛል፤ መድኃኒት አይይዝም። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ቅሬታው ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ጊዜውን ማስተካከልም ቀላል አልነበረም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና የሚለቀምበት ስለሆነ ማንም አይመጣም፤ መጀመሪያ ታግለን ኋላ ተውነው። በረመዳን ሰዓቱ ይቀየራል። በሌላው ጊዜ ከዐስር ሶላት በኋላ እንጀምራለን፤ ይህ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ በልቶ ለሚመጣውም ይስማማል። ሴቶች ግን በዚህ ሰዓት እራት ስለሚያስቡ ቀድመው ይወጣሉ፤ ለዚህ መላ አላገኘንም።

ከቤት ወደ አዳራሹ ከመጡት ምልከታዎች ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው የአንዲት ልብስ ሰፊ ነው። ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ብቅ ያለን ሰው «እንደ መስቀል ወፍ» እንላለን። ስሙ በየቦታው ለተለያየ ወፍ ይሰጣል፤ በእርሳቸው ሰፈር የሚሰጠው ክረምት ሲገባ ከሣሩ ላይ ለሚታየው ጥቁርና ቢጫ ወፍ ነው። ወፉ ወንዱ ለመራቢያ ጊዜ ብቻ ጥቁሩን ላባ እንደሚለብስ፣ ከዚያ በኋላ አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ እንደሚሆን በትምህርቱ ተነግሮ ነበር። ወይዘሮዋ በስፌት መኪናቸው አጠገብ ካለው መስኮት ሆነው ቀን እየጻፉ ተከታተሉት። ኅዳር ላይ ያዩትን በብጫቂ ወረቀት ጽፈው አመጡ፦ አንድ ወፍ፣ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቡናማ፣ የተቦጨቀ ልብስ የለበሰ የሚመስል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ቡናማ ድንቢጦች መካከል አንዱ ሲበር ትከሻውና ወገቡ ላይ ቢጫው ቀርቶ አዩት። «አልሄደም፤ እዚሁ ነው የከረመው። የክቱን አውልቆ የሥራውን ለብሶ ነው» አሉን።

በአሁኑ ጊዜ አዳራሹ ለቡና ለቀማ ዝግ ነው። ደብተሩ በእድሩ ገንዘብ ያዥ ሣጥን ውስጥ ከመዋጮው መዝገብ ጋር ተቆልፎበታል። ለቀማው ሲያልቅ የሚሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት ስለ ዝግባ ሲሆን ተናጋሪው ሀጂ ራሳቸው ናቸው፤ ከአባታቸው ቤት በር የወጣውን የቢርቢርሳ ሳንቃ ይዘው እንደሚመጡ ነግረውናል። ፕሮጀክተር ይፈልጉ እንደሆነ ስንጠይቃቸው ጠንከር ያለ ጠረጴዛ እንደሚበቃቸው ነው የመለሱልን፤ ሳንቃው ከባድ ነው።